ሽታ የሌለው ናፍጣ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ መኪና ገዛ። እውነቴን ነው! ቀይ፣ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተገፈፈ የጭነት መኪና። የገዛው ግን ብቻውን አልነበረም። የጅብ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ለክረምት የቀበረውን አጥንት ቆፍሮ አውጥቶ፣ አንጀቱን አስሮ ነው ያዋጣለት። ይህን ሁሉ ያደረጉት አያ አንበሶ ቃል ስለገባላቸው ነው። አያ ጅቦ ዝናቡ ሳይገባ ከቆላ ጨው አመላልሶ የአያ አንበሶን መጋዘን ከሞላ፣ የአንበሳ ማዕድ ትራፊ ክረምቱን በሙሉ የጅቦች ይሆናል። ካልሞላ ግን ጅቦቹ የተቀበረ አጥንት የላቸው፣ የሚጠብቁት ትራፊ የላቸው።

በዚያው ሰሞን ቁራ ከዋርካው ጫፍ ላይ ሆና የአያ አንበሶን አዋጅ አሰማች።

«ስሙ! የናፍጣው ጭስ ግልገሎቻችንን በሳል ጨረሳቸው! ከእንግዲህ ማደያው የሚሸጠው የሚከረፋው ድኝ የወጣለትን አዲሱን ናፍጣ ብቻ ነው! አሮጌ መኪና ያላችሁ የነዳጅ ፓምፑን የጎማ ማሸጊያ አስፈትሹ፤ አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ...»

ይሄኔ ነፋሱ ከወንዝ ማዶ የሞተ በሬ ሽታ ይዞ መጣ። የአያ ጅቦ አፍንጫ ቀድሞ ሄደ፤ እግሩ ተከተለው። ቁራ «አሮጌውን ናፍጣ ወደ አፉ እንዳታስጠጉት! ጭሱን የሚያጣራው ወንፊት ይደፈንና ሞተሩን ይገድለዋል!» ብላ ስትጨርስ ጫካው ሁሉ ሰምቷል። አያ ጅቦ ግን ራሱን በበሬው ጎድን ውስጥ ቀብሮ ነበር። መቼም ሆድ ጆሮ የለውም።

በማግስቱ ወደ ማደያው ሄደ። የነዳጁን ቱቦ አንስቶ አሸተተ፤ ምንም የለም። ደግሞ አሸተተ። አላምን ብሎ በምላሱ ጫፍ ቀመሰው። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄማ ውሃ ነው! ዘመዶቼ ጾማቸውን አድረው የገዙትን መኪና ውሃ ልታጠጡብኝ?»

እመት ቀበሮ አጠገቡ የራሷን መኪና ታስሞላ ነበር። አዋጁ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ጉድጓዷ ውስጥ የደበቀችው የአሮጌ ናፍጣ በርሜል ገዢ አጥቷል። የአያ ጅቦን ጩኸት ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ።

«እንዳንተ ያለ አፍንጫ ያለው በዚህ አገር ማን አለ?» አለችው ጠጋ ብላ። «እስቲ እኔ ቤት ጎራ በልና አንድ ነገር አሽትትልኝ።»

የበርሜሉ ክዳን ሲከፈት ሽታው ዝንቡን ከግድግዳው አራገፈው። የአያ ጅቦ ዓይን በደስታ እንባ አቀረረ።

«ይሄ ነው እንጂ ምግብ! እንዲህ የሚከረፋ ነገር ጉልበት ባይኖረው ነው የሚገርመኝ!»

«ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ሌላ ቢመጣ አልሰጥም ነበር» አለች ቀበሮ። እሱም ከአንበሳ ማዕድ የመጀመሪያውን ጎድን ሊሰጣት ማለላት።

በርሜሉን እያንከባለለ ሲወጣ አህዪት አሮጌ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ሥሩን ትመለከት ነበር። ናፍጣ ጠብ ጠብ ይላል። ጅብ ስታይ ለመሮጥ አንድ እግሯን አንስታ፣ ከሩቅ ሆና ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አዋጁን እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል? የእኔ መኪና አሮጌ ስለሆነ አዲሱ ናፍጣ የፓምፑን ጎማ አኮማትሮት ይኸው ያንጠባጥባል። ጎማውን ላስቀይር ነው። ያንተ ግን...»

«አየሽ!» አለ አያ ጅቦ በድል። «የማይሸት ነገር አጠጣሽው፣ ታመመብሽ! የሚያንጠባጥብ ይዘሽ እኔን ልትመክሪ?»

አህዪትም ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ከጅብ ጋር ክርክር መግጠም ዕድሜ አያረዝምም።

አያ ጅቦ መኪናውን ግጥም አድርጎ አጠጣውና መመላለስ ጀመረ። ከኋላው ጥቁር ጭስ ሲንቦለቦል በመስታወት እያየ «አገሳ የኔ አንበሳ!» ይላል። አንድ ቀን መሪው ፊት ለፊት ቀይ መብራት በራ። ሌላ ቢሆን ደንግጦ ይቆም ነበር። አያ ጅቦ ግን ሳቀ፤ የጅብ ዓይን ሲጠግብ አይደል የሚበራው? «ዓይኑ በራ! ተስማምቶታል!» ብሎ ጨምሮ አጠጣው።

መጋዘኑ ሊሞላ አንድ ጭነት ሲቀረው ሰማዩ ጠቆረ። አያ ጅቦ እየዘፈነ ዳገቱን ሲያጋምስ መኪናው አቅም አጣ። ሳለ፤ ተንፈራገጠ፤ ጸጥ አለ።

«ምን ሆንክ? ጠግበሃል እኮ!» አለ የመኪናውን ደረት እየመታ። ቁልፉን አዞረ፤ መልስ የለም። ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታ። ወዲያው አንድ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

ጨው! አያ ጅቦ ዘሎ ጭነቱ ላይ ወጣ፤ በሆዱ ተኝቶ ሊሸፍነው ሞከረ። አንድ ጅብ ስንት ጨው ይሸፍናል? ነጩ ውሃ በመኪናው ጎንና ጎን እየወረደ ቁልቁል ሲሄድ በዓይኑ አየ። የዘመድ ሁሉ ክረምት ነበር የሚፈሰው።

በዚህ መሃል የእመት ቀበሮ መኪና እየተገማሸረ መጣ። ጭስ የለውም። ሽታም የለው።

«እመት ቀበሮ!» አለ ከጭነቱ ላይ ቀና ብሎ። «ያ ናፍጣሽ... አንቺስ የምታጠጪው ምንድን ነው?»

«እኔማ አዲሱን ነዋ!» አለች ሳትቆም። «አዋጅ እጥሳለሁ እንዴ?»

አያ ጅቦ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ዝናቡ እየገባበት እንኳ አልዘጋውም።

የደረሰችለት አህዪት ናት። የፓምፑ ጎማ የተቀየረላት አሮጌ መኪናዋ ጠብ ሳይልባት ዳገቱን ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ብዙ አመነታች፤ አያቶቿ የት እንደገቡ ታውቃለቻ። ከዚያ ገመድ ወረወረችለት። «እሰረውና ጋቢናህ ውስጥ ሆነህ በሩን ዝጋ» አለችው። ጅብ በአህያ ተጎትቶ ወደ መንደሩ ሲገባ ያየ ሁሉ ጉድ አለ።

ጅቦቹ መኪናውን ከበቡ። መካኒኳ ጦጣ የጭሱን ወንፊት ፈታ አሳየቻቸው፤ በጥላሸት ተጠቅጥቆ መውጫ አጥቷል። ሞተሩም ከእንግዲህ እንደማይነሳ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አክስቱ ግን አላመነችም። የነዳጁን ጋን ከፍታ አሸተተችና ፊቷ በራ።

«ምን ጥፋት አለው ታዲያ? እንዲህ የሚጣፍጥ ሽታ እንዴት ይገድላል?»

ሌሎቹም ተራ በተራ እያሸተቱ «እውነቷን ነው» አሉ። አያ ጅቦ አያቸውና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እማማ፣ ይሄ ሽታ የጣፈጠው ለኛ አፍንጫ ነው» አለ። «የመኪናው ሆድ ምን እንደሚወድ ግን አልጠየቅኩም። ሊነግሩኝ የመጡትንም አባረርኩ።»

ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ የግልገሎቹ ሆድ ግን ከወዲሁ ይጮህ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ዘመንና ሥርዓት ሲለወጥ ለእኔ የጣመኝ ለንብረቴም ይስማማዋል ብሎ በአፍንጫ ከመመራት፣ የተነገረውን እስከ መጨረሻው መስማትና ያልገባንን መጠየቅ እንደሚሻል ነው።