የግራዝማች ጣሪያ ዕድል

በዚህ ታሪክ ላይ የጨመርኩት ጥቂት ብቻ ነው። ለአንዲት ልብስ አጣቢ የመንግሥት ሎተሪ አንደኛ ዕጣ ወጣላት። ገንዘቡን ሳትቀበል ግን ጢማቸው ደጅ የሚጠርግ አከራይዋ፣ ግራዝማች ንዳው፣ ፍርድ ቤት አቆሟት።

«ቲኬቱ የሰነበተው በእኔ ጣሪያ ሥር ነው። ያሸነፈው በቤቴ ዕድል ነውና ግማሹ ይገባኛል!» አሉ።

ዳኛው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢሏት፣ አራት አህያ የማይችለው ጆንያ ጎትታ አስገባችና ዘረገፈችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆርጣ ያልወጣላት ቲኬት ዳኛውን እስከ አገጫቸው ቀበራቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ እነዚህም የሰነበቱት እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ያንዱን ዕጣ ያስወጣው የግራዝማች ቤት ከሆነ፣ እነዚህን ሁሉ ያከሸፈውም እሱ ነው። እኔ የአንዱን ግማሽ ልስጣቸው፤ እሳቸው ደግሞ የእነዚህን ሁሉ ግማሽ ይክፈሉኝ!»