በኩባያ የተሰፈረ ቀኖና

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ማንም አይታዘባችሁም። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ስሙኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ግንበኛ ነው፤ ደምለው ይባላል። ድንጋይ ሲያስቀምጥ ድንጋዩ ራሱ ቦታውን የሚያውቅ ይመስል ነበር። ይህን የደብራችንን አጥር ከበሩ እስከ ግራሩ ድረስ የሠራው እሱ ነው፤ ያውም ለነፍሱ ብሎ፣ በነጻ።

ደግሞ በጾም ይታወቃል። በፍልሰታ፣ ዐሥራ አምስቱንም ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውሃ በአፉ አይዞርም። በዚያ ላይ በየቀኑ መቶ ስግደት አለው። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ “እንደ ደምለው ጹሙ” ይሉ ነበር። ስም ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆቼ። ግን ስምም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሰው ተሸክሞት የሚወድቅበት ቀን አለ።

አንድ ዓመት፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የነሐሴ ዝናብ መንገድ ላይ መታው። በማግስቱ ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ። ሚስቱ ወይዘሮ እናኑ አጥሚት ሠርታ፣ ውሃ ቀድታ አጠገቡ ተቀመጠች።

“እስቲ ቅመስ።”

“ሰዓቱ አልደረሰም።”

“ከንፈርህ እኮ ተሰነጣጥቋል!”

“ይሰንጠቅ።”

“አንተ ሰው፣ የሞተ ሰው አይጾምም!”

“ዝም በይ። ላብ ካወጣሁ ይለቀኛል” አለና ለስግደት ተነሣ።

ሠላሳ አልሞላም። ግንባሩ መሬት እንደነካ ቀረ። እናኑ የሚጸልይ መስሏት ቆማ ጠበቀችው። ጠበቀችው። አልተነሣም።

ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ሐኪሟ ግሉኮስ ሰክታለት፣ መድኃኒትም ሰጥታው፣ ሲነቃ እንዲህ አለችው፦ “አባባ፣ ሰውነትዎ ደርቆ ነው የመጡት። ትንሽ ቢዘገዩ ኩላሊትዎ አይተርፍም ነበር፤ እርስዎም አይተርፉም ነበር። ውሃ ይጠጡ። ትኩሳት እያለ ስግደትም ሸክምም የለም። ሲለቅዎት ደግሞ እንደ ግንድ ተጋድመው አይቅሩ፤ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ።”

ሰማ? አልሰማም! ቤቱ እንደገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። “በመርፌ አስገደፉኝ” ብሎ አዘነ። ኩባያውን ስትሰጠው ገፋው።

እናኑስ? አልቅሳ ዝም አለች? አላለችም! ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፤ የነፍስ አባቱን መምሬ ላቀውን ይዛ ተመለሰች።

መምሬ ዱካ ሳቡና ተቀመጡ። ስለ ሕመሙ አልጠየቁትም።

“ደምለው፣ አጥራችንን ስትሠራ፣ ሲሚንቶውን ከመረግህ በኋላ ምን አደረግህ?”

“ውሃ አጠጣሁት።”

“ስንት ቀን?”

“ሰባት ቀን። ጠዋትና ማታ።”

“ባታጠጣውስ ኖሮ?”

“ይሰነጠቃል፣ መምሬ።”

“ገና ባልጠነከረ ግንብ ላይስ ጣራ ትጭናለህ?”

“ምን ነካዎት፣ መምሬ! ይናዳል እንጂ!”

“እህ። የራስህን ግንብ እንዲህ ታዝንለታለህ። እግዚአብሔር የሠራውን ግን ታደርቀዋለህ፤ ሳይጠነክርም መቶ ስግደት ትጭንበታለህ።”

ደምለው ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

“ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስጨንቅ ታውቃለህ፣ ልጄ። አንተን የያዘህ ጾሙ አይደለም፤ ስምህ ነው። እንግዲህ ቀኖና ሰጥቼሃለሁ። እንቅልፍ ካልወሰደህ በቀር በየሰዓቱ አንድ ኩባያ። ትኩሳቱ እስኪለቅህ መተኛት። ሲለቅህ እስከ ደጃፍህ፤ በማግስቱ እስከ ጓሮህ አጥር። ከደከመህ ትመለሳለህ። ይህን ብትተላለፍ እንደ ጾም ሻሪ ነው የምቆጥርህ!”

ያን ጊዜ ደምለው ኩባያውን አነሣ። ያን ሁሉ ድንጋይ ያነሣ ሰው፣ አንዲት ኩባያ በሁለት እጁ ያዘ! ዓይኑ እንባ ሞላ። ጠጣው።

መጀመሪያ ሆዱ እንቢ አለ፤ እናኑ በማንኪያ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ተነሥቶ እስከ ደጃፉ ሄደ፤ መቃኑን ይዞ አለከለከና ተመለሰ። መቶ የሚሰግደው ደምለው ከመደቡ እስከ ደጃፉ! ነገር ግን ያችን አጭር መንገድ አልናቃትም። በማግስቱ እስከ ጓሮው አጥር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤቱ በር። ሲደክመው ዐረፈ። ኩባያውን አልዘለለም።

ጾሙ በገባ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን እዚህ ደረሰ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ራሱ ባቆመው ግንብ ሥር ተቀመጠና ኮዳውን አወጣ። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ለቅዳሴ ይገባል። አንዲት የሠፈራችን ሴት ቆም አለች።

“አይ ጋሼ ደምለው! ዘንድሮ ፍልሰታ እርስዎ ጋ አልመጣችም እንዴ?”

እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልቤ ደነገጠለት።

እሱ ግን ፈገግ አለ። “ቀኖናዬን እያደረስኩ ነው፣ እኅቴ። ይህ አምስተኛው ነው፤ እባክሽ ስድስተኛውን አንቺ ቁጠሪልኝ።”

አንጋጦ ጠጣ። አፉን ጠረገ። ተነሥቶም በቀስታ ወደ ቤቱ ተራመደ።

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ ጿሚ አይቻለሁ። ስሙን በሰው ፊት አውርዶ የጠጣ ግን ያን ቀን አየሁ። የትኛው ይከብዳል? እናንተ ንገሩኝ።

እናንተስ? ጉንፋን ሲይዛችሁ፣ ትኩሳት ሲያቃጥላችሁ፣ “ላቤ ሲወጣ ይሻለኛል” ብላችሁ ሸክም የምታነሡ የላችሁም? ውሃ ሲሰጧችሁ “ኋላ” የምትሉ የላችሁም? ወይ ደግሞ ሕመሙ ለቋችሁ ሳለ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ፣ እግራችሁ መራመድ እስኪረሳ የምትተኙ? ሐኪም የነገራችሁን የነፍስ አባታችሁ ካልደገመው የማትሰሙስ? አትሳቁ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ጠጡ፣ ልጆቼ። ዐረፍ በሉ። ሲሻላችሁ እስከ ደጃፋችሁ ብቻ ሂዱ። ደጃፍ ትንሽ አይደለም። የታመመ ሰው ሲጠጣ ስታዩም “ጾም አይደለም ወይ?” አትበሉት።

ደምለው ያችን አንዲት ፍልሰታ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስንት ፍልሰታ ጾመ መሰላችሁ? ዐሥራ አንድ! ውሃውን እንቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያችው የመጨረሻዋ ትሆን ነበር።

ዛሬ ስትወጡ፣ ከበሩ በስተቀኝ ከግንቡ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። የተቀመጠው እሷ ላይ ነው። ባለፋችሁ ቁጥር፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ያችን ኩባያ አስቧት።