ሦስት ቦታ፣ አንድ ቦርሳ

ደንበጫ ገበያ አንድ ሰው ያለ የሌለ ነገሩን ባንድ ከረጢት አጭቆ ሲሄድ፣ ወይም አንዲት እናት የቤቷን ቁልፍና ትርፉን ቁልፍ ባንድ ክር አስራ አንገቷ ላይ ስታንጠለጥል ያየ ሰው አንዲት አባባል ይወረውራል። አባባሏን የሰማ እንግዳ የጥንት ገበሬ የተናገራት ይመስለዋል። ጎታ አለባት፣ ነቀዝ አለባት፤ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አባባሏ የተወለደችው ከላፕቶፕ ነው። ስትወለድ የነበሩ ሰዎችም ዛሬ በዚያው ገበያ በቆሎ ይሸጣሉ።

ነገሩ የጀመረው በቪዲዮ አንሺው በልየው ነው። ልየው ሥራውን የሚያውቅ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ፀጉሩን ሲስተካከል እግሩ ይርገበገባል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ሳይል የሚወጣበትን በር ይፈልጋል። ሚስቱ አንጓች «እኔ ያገባሁት ንፋስ ነው» ትል ነበር።

አሮጌው ኮምፒውተሩ አንድ ጠዋት የሰው ሰርግ ሆዱ ውስጥ እንደያዘ አልነሳም አለ። ልየው ያን ሰሞን እህል በአፉ አልዞረም። እንደ ምንም በባለሙያ ርብርብ ሰርጉ ወጣ፤ ልየው ግን አሮጌውን ዳግመኛ ማመን አቃተው። ባሕር ዳር ሄዶ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነበርና ከዕቃው ጋር ምክር ጨመረለት።

«ሌላ ነገር ሳትጭንበት መጀመሪያ ማስነሻ ፍላሽ ሥራለት። አንድ ቀን እንቢ ቢልህ በሱ ነው የምታስነሳው። ሥራህን ደግሞ በሃርድ ዲስክ እየገለበጥክ ያዝ። ከዚያ ፍላሹንም ዲስኩንም...»

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አለ ልየው። ልቡ መናኸሪያ ደርሷል።

«ከላፕቶፑ አርቀህ አስቀምጥ!» ብሎ ሻጩ ከደረጃው ራስ ጮኸ።

ልየው ሰምቷል። እጁንም አውለብልቦለታል።

ቤቱ እንደገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ፍላሹን ሰካ። ላፕቶፑ ሥራውን ጀመረና «ይጠብቁ፣ አያጥፉት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ይጠብቁ! ልየውን በአደባባይ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቁጥሩ እንደ ጾም ቀን ይንቀረፈፋል። ጓሮ ወጥቶ ጎመኑን አየ፣ ተመልሶ መጣ፤ ያው ነው። መንገድ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር ስለ ማዳበሪያ ተጨቃጨቀ፣ ተመልሶ መጣ፤ ያው ነው ማለት ይቻላል።

«አንጓች፣ ይሄ ነገር ቆሟል እንዴ?»

«እሱስ እየሄደ ነው። አንተ ነህ መቆም ያቃተህ።»

ሁለት ጊዜ ሊነቅለው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አንጓች እጁን መታችው። በመጨረሻ አለቀ። ልየው እንደ ወለደች ሴት ደከመው። ፍላሹን ቀይ ክር አሰረበትና ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ከእንግዲህ የማይሞት ላፕቶፕ ያለው ሰው ሆኗል።

«እስቲ ስጠኝ፣ ሳጥኔ ውስጥ ልቆልፍልህ» አለች አንጓች።

«ስፈልገው አንቺን ገበያ ለገበያ ልፈልግሽ ነው?» አለና ፍላሹን ላፕቶፑ ከገባበት ጥቁር ቦርሳ ከተተው። ሃርድ ዲስኩንም ከጎኑ። ገመዱንም፣ ማውሱንም። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። እንዲህ ሆኖ ነው ሁልጊዜም የሚሮጠው፤ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ።

በግንቦት ከወንዝ ማዶ የአቶ የኔነህ ልጅ የይታይሽ ሰርግ ሆነ። አቶ የኔነህ ታመው ነበር የከረሙት። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል በሁለት ሰው ተደግፈው ዳሱ መሐል ቆሙና ልጃቸውን መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ድምፃቸውም ቀጭን። ይታይሽ ከቬሏ ሥር እያለቀሰች፣ ሴቶቹም እየዘፈኑ፣ ከአባቷ አፍ አንዲት ቃል እንኳ አልሰማችም። የልየው ካሜራ ግን ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይዞታል።

ቤቱ ሲመለስ ሰርጉን ላፕቶፑ ላይ ጫነ፣ በሃርድ ዲስኩም ገለበጠ። የካሜራውን ካርድ አጠፋና ለሚቀጥለው ሰርግ አዘጋጀው። ሁለት ቦታ የተቀመጠ፣ በዚያ ላይ ማስነሻ ያለው፤ ካርድ ምን ያደርግለታል?

የሰርጉ ዳስ ፈርሶ ሳያልቅ አቶ የኔነህ አረፉ።

ለቅሶው ሲበርድ ወንድማቸው አያ ጥሩነህ ልየው ሱቅ መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። ልየው ወንበር ሰጣቸውና እሱ ራሱ ቆመ።

«ልጄ፣ ያ ምርቃት አለ?»

«አለ እንጂ፣ አያ ጥሩነህ!»

«ይታይሽ አንድ ቃል አልሰማሁም ብላ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። አባቴ ሳይመርቀኝ የሞተ ያህል ነው ትላለች። ለአርባው ታሰማልናለህ? ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት፣ እሷም ትስማ።»

«ምን ችግር አለው! አይስጉ። ቢጠፋ እንኳ መጠባበቂያ አለኝ። ሦስት ቦታ ነው የያዝኩት፤ ላፕቶፑ አለ፣ ዲስኩ አለ፣ ላፕቶፑ ቢታመም የሚያስነሳው ፍላሽ አለ።»

«ተመስገን። ሦስቱ የት የት ናቸው?»

ልየው ትከሻው ላይ ያለውን ቦርሳ መታ መታ አደረገው።

አያ ጥሩነህ ቦርሳውን አዩት። ከዚያም ልየውን አዩት። «እኛስ» አሉ ዘንጋቸውን እያሻሹ፣ «የሚበላውን ጎታ እንከታለን። ዘሩን ግን በቅል አድርገን ከምድጃው በላይ እንሰቅለዋለን። ርሃብ ቢመጣ እንኳ እጃችን አይደርስበትም።»

«አያ ጥሩነህ፣ ይሄንን ነቀዝ አይበላውም!» አለ ልየው እየሳቀ፣ ካሜራውን እያነሳ። ሌላ ሥራ ረፍዶበታል።

የአርባው ዕለት ክረምቱ ገብቷል። ልየው እንደ ልማዱ ዘግይቶ ወንዙ ዳር ደረሰ። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ግንድ ያንከባልላል። ከወዲህ ያሉ ተዝካርተኞች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«ላይ አባርቷል፣ ይጎድላል። ና፣ ቁጭ በል» አሉት።

ቁጭ በል! ትንሽ ተቀመጠ፤ ተነሣ። ወደ ወንዙ ሄደ፤ ተመለሰ። ድንጋይ ወርውሮ ጥልቀቱን ገመተ። ይታይሽ ማዶ እየጠበቀችው ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት ሊያሰማት ቀጥሯል። ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ።

«ኧረ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አሉ አንዲት አሮጊት።

ልየው ግን ቦርሳውን አናቱ ላይ አድርጎ ገብቷል። እስከ መሐል ደህና ሄደ። ከመሐል ወዲያ እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ከዳው። ራሱን ለማዳን ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ቦርሳውም ሄደ። አንድ ጊዜ ጥቁር ጀርባውን ብቅ አድርጎ አሳያቸውና ከታች ወዳለው ፏፏቴ ወረደ። ወንዶቹ በትር ይዘው ዳር ዳሩን ሮጡ። ያገኙት ማንገቻውን ብቻ ነው፤ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ።

ልየው ማዶ ወጣ። ወደ ኋላ ለመመለስ አሰበ፤ ወንዙ አለ። ወደ ፊት ለመሄድ አሰበ፤ ይታይሽ አለች። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረስ አልቸኮለም።

ዳሱ ውስጥ ሲገባ ይታይሽ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለችና እጁን አየች፤ ትከሻውን አየች።

«አመጣህልኝ?»

«ወንዙ ወሰደው።»

«ሌላው አለ አይደል? ሦስት ቦታ ነው ያለው ብለኸው የለ ለአጎቴ?»

«ሦስቱም ቦርሳው ውስጥ ነበሩ፣ ይታይሽ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልየው እንድትሰድበው ፈለገ፤ አልሰደበችውም። ዞራ የዳሱን ሰው ማየት ጀመረች።

«ማን ነው የሰማ? እስቲ የሰማችሁ ንገሩኝ። አባዬ ምን አለኝ?»

«እንደ ሸምበቆ ለምልሚ ነው ያለው» አለ አንዱ።

«የለም፣ እንደ ዋርካ ነው» አለ ሌላው።

«ስለ እናትሽም ያነሣት ነገር ነበር» አሉ አንዲት ሴት፤ ጀመሩና መጨረሻውን አጡት። ይታይሽ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ስትዞር ቆየች፤ ሁሉም ቁራሽ ቁራሽ ሰጧት፤ ቁራሹ ግን አልገጠመም። በመጨረሻ ወደ ልየው ዞረች።

«አንተስ? ስትሠራው ደጋግመህ አይተኸዋል አይደል?»

ልየው አንገቱን ደፋ። አይቶታል፤ ደጋግሞ አይቶታል። ግን ያን ቀጭን ድምፅ ቁጭ ብሎ ለመስማት ትዕግሥቱ አልነበረውም። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ በፍጥነት ያሳልፈው ነበር። የሚያስታውሰው የአንድ ሽማግሌ ከንፈር ቶሎ ቶሎ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

«አልሰማሁትም» አለ። መሬቱ ላይ ተቀመጠ። እግሩ አልተርገበገበም፤ ዓይኑም በር አልፈለገም። ዳሱ እስኪበተን ከዚያ አልተነሣም።

አያ ጥሩነህ ቀስ ብለው መጡ። ጋቢያቸውን አወለቁና እርጥብ ትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ከጎኑም ተቀመጡ። የቤቱ በር ክፍት ነበርና ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን፣ ጥላሸት ያጠቆረውን የወንድማቸውን የዘር ቅል ተመለከቱ። ከዚያም ለልየው ይሁን ለዳሱ ሰው ሳይለይ እንዲህ አሉ፦ «ዘርና ቀለብ ባንድ ጎታ፣ ወዮ ነቀዝ የገባ ለታ!»