አልነሳም ያለው ሰርቪስና የነትርንጎ ወረቀት

እናንተ ጆሮ ስጡኝ እንጂ እኔ ወሬ አያልቅብኝም። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በጋብቻና ልደት ምዝገባ ክፍል፣ እልፍነሽ የምትባል መዝጋቢ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መስኮት ተቀምጣለች።

አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ባልና ሚስት መስኮቷ ፊት ቆሙ። ሁለቱም ነርሶች ናቸው። ባልየው ደሳለው እዚያው ከተማ ይሠራል። ሚስትየው ትርንጎ ግን ምድቧ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቆ ቆላ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ጋብቻቸው ከተመዘገበ ቆይቷል፤ ለእሷም እዚሁ ከተማ ክፍት ቦታ ተገኝቶላታል፤ የጎደለው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው።

"እህቴ፣ የዝውውር ማመልከቻ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል" አለ ደሳለው። "ካለፈን ለከርሞ ነው።"

"ልጁን ብቻዬን ነው የምወልደው ማለት ነው" አለች ትርንጎ። "የምንፈልገው አንዲት ወረቀት ናት።"

"አንዲት ወረቀት ምን ችግር አለው፤ ቁጭ በሉ" አለች እልፍነሽ፤ ኮምፒውተሯንም አበራች።

ስማቸውን ፈልጋ አገኘችና አትም አለችው። አላተመም። እያንዳንዱ ምስክር ወረቀት ከማዕከል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ በኔትወርክ ነው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ኔትወርክ የሚገባው በዚሁ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ተቀምጧል። ገመዱን ነቀለች፣ እፍ አለችበት፣ መልሳ ሰካች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ቀዩ ምልክት ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ምን ሆነ?" አለ ደሳለው።

"ወረቀቱ ያለ ቁጥር አልታተምም አለ፤ ቁጥሩ ያለ ኔትወርክ አልመጣም አለ" አለች እልፍነሽ፤ ስልኳንም አነሳች።

የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ያየህይራድ ይባላል። አምስት ክፍል ለብቻው የሚያዳርስ፣ ቁርሱን ቆሞ የሚበላ ሰው ነው። መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠና ረጅም ዝርዝር ከፈተ።

"ገመዱ ደህና ነው፣ እትዬ እልፍነሽ። የኔትወርክ ሰርቪሱ ነው ያልተነሳው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተሩ ሲበራ ከውስጥ አብሮ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንዱ ሰዓት ያስተካክላል፣ አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ ይኼኛው ኔትወርክ ያገናኛል። ዛሬ ተኝቷል።"

"ቀስቅሰዋ።"

ጀምር የሚለውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የመጣች ትንሽ መስመር እስከ ግማሽ ሄዳ ቆመች፤ መልእክት መጣ። ያየህይራድ አነበበና ጭንቅላቱን አከከ። "ብቻዬን አልነሳም፣ የምደገፍበት ሌላ ሰርቪስ መጀመሪያ ይነሳ ነው የሚለው። ማስታወሻ ያዡ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ሁሉ እየተከታተለ የሚጽፈው።"

"እሱንስ ለምን አታስነሳውም?"

አስነሳው። ማለቴ ሞከረ። ሦስት ጊዜ ተጫነ፤ ሦስት ጊዜ እንቢ አለ።

እልፍነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ወረቀቱ ያለ ቁጥር አልታተምም አለ፤ ቁጥሩ ያለ ኔትወርክ አልመጣም አለ፤ ኔትወርኩ ያለ ሰርቪሱ አልገናኝም አለ፤ ሰርቪሱ ያለ ማስታወሻ ያዡ አልነሳም አለ።"

"ማስታወሻ ያዡስ?" አለች ትርንጎ።

"እሱን እያየን ነው።"

አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ያየህይራድ አንድ ሌላ ገጽ ከፈተና ጣቱን ቀይ በቀይ በሆነ መስመር ላይ አሳረፈ። "ይኸው። ዲስኩ ጢም ብሏል። ማስታወሻ ያዡ የሚጽፍበት ቦታ ከሌለው አይነሳም። ቦታውን ማን እንደያዘው ልንገርዎት? ባለፈው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ የተሸለመ ዕለት የተቀረጸው ቪዲዮ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ፣ ከምሳው ጭምር።"

"ሰርዘዋ።"

"አቶ ልሳነወርቅ ሳይፈቅዱ? አልነካውም።"

አቶ ልሳነወርቅ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። እልፍነሽ ጉልበቷን እየረገመች ወጣች። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሩን ገርበብ አድርጋ በምልክት ጠራቻቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወጡ።

"ያ ቪዲዮ ሌላ ቅጂ የለውም፣ እልፍነሽ" አሉ በቀስታ። "በጡረታ የወጡት ሁሉ አሉበት። ኮፒ ይደረግና ይሰረዝ፤ እኔ አልከለክልም። ኮፒ ሳይደረግ ግን እንዳይነካ።"

እውነታቸውን ነው። ያናደዳትም እሱ ነው፤ ያጠፋ ሰው ቢገኝ ትቆጣው ነበር።

ወረደች። ትርንጎ መስኮቱን ይዛ ቆማለች፤ እግሯ አብጧል። "ወረቀቱ ያለ ቁጥር አልታተምም አለ" ብላ ጀመረች እልፍነሽ፤ "ቁጥሩ ያለ ኔትወርክ አልመጣም አለ፤ ኔትወርኩ ያለ ሰርቪሱ አልገናኝም አለ፤ ሰርቪሱ ያለ ማስታወሻ ያዡ አልነሳም አለ፤ ማስታወሻ ያዡ ያለ ቦታ አልጽፍም አለ፤ ዲስኩ ቪዲዮው ካልወጣ ቦታ የለኝም አለ፤ ኃላፊው ቪዲዮው ኮፒ ካልተደረገ አይነካም አሉ።"

"እኔ ፍላሽ አለኝ" አለች ትርንጎ፣ ቦርሳዋን እየከፈተች።

ያየህይራድ ራሱን ነቀነቀ። "የግል ፍላሽ ክልክል ነው፣ እህቴ። ባለፈው በአንድ ፍላሽ በገባ ቫይረስ ሳምንት ሙሉ ሥራ ቆመ። የመሥሪያ ቤቱ ፍላሽ ንብረት ክፍል አለ።"

ንብረት ክፍል ከግቢው ጀርባ ነው። ንብረት ያዡ ጋሽ መንገሻ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ፍላሹ ከነማሸጊያው ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ ይታያል።

"ቅጹን አምጪ" አሉ።

"የትኛውን ቅጽ?"

"የንብረት መጠየቂያውን። አምና ሁለት ፍላሽ በቃል ሰጥቼ ጠፋ፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእኔ ነው። አሁን ያለ ቅጽ መርፌ አልሰጥም።"

"እሺ፣ ቅጹን ይስጡኝና ልሙላ።"

"አልቋል። አዲሱ ከማዕከል ነው የሚመጣው።"

"በምን?"

"በኔትወርክ ነዋ" አሉ ጋሽ መንገሻ። "እንግዲህ ዛሬ ከሌለ፣ ነገ ነይ።"

እልፍነሽ ደነገጠች። የደነገጠችው በነገሩ አልነበረም፤ በድምፁ ነው። ነገ ነይ ያሉበት ድምፅ የራሷ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚያች መስኮት፣ ቅጽ ለጎደለው፣ ፎቶ ላነሰው፣ ፊርማ ለረሳው ሁሉ፣ ቀና ሳትል፣ ነገ ይምጡ ስትል ኖራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወዲያኛው በኩል ሰማችው።

ተመልሳ ስትመጣ ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። አፏን ከመክፈቷ በፊት ትርንጎ ራሷ ጀመረችላት። "ወረቀቱ ያለ ቁጥር አልታተምም፣ ቁጥሩ ያለ ኔትወርክ አልመጣም፣ ኔትወርኩ ያለ ሰርቪሱ አልገናኝም፣ ሰርቪሱ ያለ ማስታወሻ ያዡ አልነሳም፣ ማስታወሻ ያዡ ያለ ቦታ አልጽፍም፣ ዲስኩ ቪዲዮው ካልወጣ ቦታ የለኝም፣ ኃላፊው ኮፒ ካልተደረገ አይነካም። አሁንስ ማን ምን አለ?"

"ንብረት ያዡ ያለ ቅጽ ፍላሽ አልሰጥም አሉ" አለች እልፍነሽ። "ቅጹም ያለ ኔትወርክ አልመጣም አለ።"

ያየህይራድ ኪቦርዱ ላይ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ተደፋ። ደሳለው ሰዓቱን አየ። የትርንጎ ዓይን እንባ ሞላ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነገ ይምጡ የሚለው ቃል እልፍነሽ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። አላወጣችውም። ነጭ ወረቀት ሳበች፣ ማስመሪያ አነሳች፣ መስመር አሰመረች። የዕቃው ዓይነት። ብዛት። የጠያቂው ስም። የተፈለገበት ምክንያት። ከታች ደግሞ በማንም ቅጽ ላይ ያልነበረ አንድ መስመር በእጇ ጨመረች፤ ፍላሹ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እኔ እልፍነሽ ነኝ። ፈረመችና ወደ ጓሮ ሮጠች። በዕድሜዋ የሮጠችበትን ቀን አታስታውስም።

ጋሽ መንገሻ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ይኼ ቅጽ አይደለም" አሉ።

"ቅጹ የሚጠይቀው ሁሉ አለበት፣ ጋሼ። አንዲት የስድስት ወር እርጉዝ መስኮቴ ፊት ቆማ እየጠበቀች ነው። ማስጠንቀቂያ ከተጻፈ ለእኔ ይጻፍ።"

ጋሽ መንገሻ ወረቀቱን መልሰው ገለበጡት። ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ጥግ ላይ አሳረፉ። "ቀን አልጻፍሽበትም።"

ቀን ጻፈች። ጋሽ መንገሻ ወረቀቱን ፋይላቸው ውስጥ አኖሩ፤ ፍላሹንም ከነማሸጊያው በእጇ ላይ አስቀመጡ።

ጋሽ መንገሻ ፍላሹን ሲሰጡ ፍላሹ ቪዲዮውን መቅዳት ጀመረ። ግን አይቸኩልም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ አራቱም የምትሞላዋን መስመር ትክ ብለው አዩአት። ቪዲዮው ሲገለበጥ አቶ ልሳነወርቅ በስልክ ይሰረዝ አሉ። ቪዲዮው ሲሰረዝ ዲስኩ ቦታ አገኘ። ዲስኩ ቦታ ሲያገኝ ማስታወሻ ያዡ ተነሳ። ማስታወሻ ያዡ ሲነሳ የኔትወርክ ሰርቪሱ እስከ ግማሽ ሄደ፤ ቆመ፤ ያየህይራድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ተነሳ። ሰርቪሱ ሲነሳ ኔትወርኩ ተገናኘ፣ ኔትወርኩ ሲገናኝ ቁጥሩ መጣ፣ ቁጥሩ ሲመጣ ወረቀቱ ታተመ። እልፍነሽ ማኅተሙን አሳረፈችበት።

አምስት ሰዓት ከአርባ አንድ። ደሳለው ወረቀቱን በአንድ እጁ፣ ሚስቱን በሌላው ይዞ ወጣ።

እልፍነሽ ምሳ አልወጣችም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልኳ ጮኸ። "ማመልከቻው ገባ" አለች ትርንጎ። "ስድስት ደቂቃ ሲቀር ደረስን። ደብዳቤዬን እዚያው ፈረሙልኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ቤታችን አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ነው የምደውልልሽ።"

"እግርሽን ከፍ አድርጊው" አለች እልፍነሽ።

እነሱም ቤታቸው ገቡ፤ እኔም ወሬዬን አስገባሁ።