የወሰኑ ሣር

አንድ በሬ ብቻ የቀረው ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ጥንዱን ምን ነካው አትሉም? አይጥ ጨረሰው! መቼም አይጥ በሬ አይበላም፤ ነገር ግን አምና ገብሱ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አይጥ ማሳውን ሙልጭ አድርጎ ቆረጠመበትና፣ ልጆቹን ለማሻገር ሲል አንደኛውን በሬ እንባው እየወረደ ሸጠው። ዘንድሮ የሰው በሬ ለምኖ ከራሱ ጋር አቀናጅቶ ዘርቷል፤ ይህም እንዲሁ ከሆነ ሁለተኛው በሬ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ደምለው የሰው ማሳ ሲታረስ ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ አይኖረውም።

ስለዚህ ዘንድሮ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማሳውንና ዳር ዳሩን እየዞረ ያገኘውን የአይጥ ጉድጓድ ሁሉ በአፈር ይደፍናል። ቅዳሜ ጠዋት ይመለስና የተከፈተውን ይፈልጋል። ከተከፈተማ ውስጡ ነዋሪ አለ ማለት ነዋ! ለያንዳንዱ ክፍት ጉድጓድ አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ይጥላል። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ደምለው የአይጥ በረኛ ሆነ እያለ ተዘባበተበት። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መቁጠሩን ቀጠለ።

ሐምሌ ላይ ስድስት ነበሩ። ነሐሴ ላይ አሥራ አራት። መስከረም ሲጠባ ሠላሳ ስምንት! ደምለው ፍርሃቱም ደስታውም አንድ ላይ መጣበት፤ የአይጡን ቤት አግኝቶታልና። ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አምስቱ በእሱ ማሳ ውስጥ አልነበሩም፤ በጎረቤቱ በይመኑ ማሳ ውስጥም አልነበሩም። ያሉት በሁለቱ መካከል፣ በወሰኑ ሣር ውስጥ ነው።

ይህ ሣር ታሪክ አለው። የሁለቱ አባቶች በወሰን ሰባት ዓመት ተካሰው ሊጋደሉ ሲደርሱ ሽማግሌዎች ገቡና፣ በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ መሬት ሳይታረስ እንዲቀር አድርገው፣ ሣሩን ማንም እንዳይነካ አስማሏቸው። አባቶቹ አለፉ፣ መሐላው ቀረ። ልጆቹም ማጭድ ሳያነሱ፣ ሰላምታም ሳይለዋወጡ ኖሩ። ሣሩ የሰው ቁመት አከለ። አምና ይመኑም በዚሁ አይጥ የተነሳ አንድ በሬውን ሸጧል፤ አይጡ የመጣብኝ ከደምለው ማሳ ነው እያለ ይራገም ነበር። ደምለውም ስለ ይመኑ ያንኑ ያስብ ነበር፣ ቆጥሮ እስኪያየው ድረስ።

በሚቀጥለው ዓርብ ደምለው ቅሉን ይዞ ሄደና ጠጠሩን ይመኑ ደጃፍ ላይ ዘረገፈው። ከዚያ ቤት ሰው መጥቶበት ስለማያውቅ ይመኑ ዱላውን አነሳ።

"የአባቴን መሬት በጠጠር ልትወስድ መጣህ?" አለው።

"ይህ ጠጠር በወሰኑ ሣር ውስጥ የቆጠርኩት የአይጥ ጉድጓድ ነው፤ እኔን አትመን" አለ ደምለው። "ዛሬ ሣሩን ሳንነካ አብረን እንድፈን፤ ነገ ራስህ ትቆጥራለህ።"

ይመኑ ሊያሳፍረው ብሎ ተከተለው። ሲነጋ ግን በገዛ ጣቱ ሲቆጥር በሣሩ ውስጥ ብቻ አርባ አንድ ደረሰ። ዱላውን ጥሎ ወደ ሽማግሌ ቤት ቀድሞ የሮጠው እሱ ራሱ ነው! ካስማሉት መካከል በሕይወት የቀሩት አንድ አባት ነበሩ፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አባቶቻችሁን ያስማልናቸው እንዳይጋደሉ ነው እንጂ አይጥ እንድታረቡ ነው እንዴ?" አሉና መሐላውን ፈቱላቸው።

የዚያን ቀን የነበረውን ብታዩ! ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሣሩን አጨዱ፤ ሲስቅ የከረመው መንደርም ዶማና ውሻውን ይዞ ወጣ። አይጡ ወዲህ ሲል ውሻ፣ ወዲያ ሲል ዱላ! ጉድጓዱ ሁሉ እስኪመሽ ድረስ ተቆፍሮ አለቀ፤ በሣሩም ፋንታ ትልልቅ ድንጋይ ደርድረው ወሰኑን አጸኑ። በሳምንቱ የተከፈተው ጉድጓድ ሁለት ብቻ ነበር። ኅዳር ላይ ጎተራው ሞላ፤ በሬውም ቤቱ ቀረ። በሰኔ ደግሞ የደምለውና የይመኑ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ሁለቱንም ማሳ አረሱ። የዓርቡ ድፈና አሁንም አልቀረም፤ እንዲያውም ይመኑ ቀድሞ እየደረሰ ምነው ዘገየህ ይለዋል።

ወዳጆቼ፣ የሚያጠፋን ነገር ሁሌም ከጎረቤት ማሳ የመጣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚራባው ተኳርፈን ሁለታችንም በማንነካው ቦታ ነው። እርግማን አያጠፋውም፤ መጀመሪያ በትዕግሥት ቆጥሮ ማወቅ፣ ከዚያ የተኳረፉትን ሰው ጠርቶ አብሮ ማጨድ ይፈልጋል። እስቲ እናንተስ፣ በእናንተና በጎረቤታችሁ መካከል ያለው ሣር ቁመቱ ምን ያህል ደረሰ?