መለኪያው የተሰካበት ቦታ

አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር ሐሙስ ጠዋት፣ እመት አህያ የአሮጌ ናፍጣ መኪናዋን ቁልፍ ነቅላ ብትወርድም ሞተሩ አልጠፋም። ፍሬኑም ደንድኖ በሁለት እግሯ ካልረገጠችው አይዝም ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ስድስት በጎች አሳፍራ ቁልቁለቱን ወደ ገበያ መውረድ አለባት።

መኪናዋን ወደ ቀበሮ ጋራዥ ወሰደች። ጅብ በሩ ላይ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል።

ቀበሮ ከፓምፑ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ከፍሬኑ በኩል ነቅሎ ጫፉ ላይ የአየር ስበት መለኪያ ሰካ። መርፌው ከግማሽ አላለፈም።

«የቫኪዩም ፓምፑ ደክሟል፣ እመት አህያ። አየር እየሳበ ፍሬኑን የሚያለሰልሰው፣ ሞተሩንም የሚያጠፋው እሱ ነው። ይሄን እዚሁ ይተዉልኝና ሌላ አስሬልዎት ይሄዳሉ።»

«እኔም ገና በድምፁ አውቄው ነበር» አለ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ በድምፅ የምታውቀው የቢላዋ መሳያ ነው» አለችና ወደ ቀበሮ ዞረች። «ዕድሜዬን ውኃ ስጭን ኖሬአለሁ። ቤት ስደርስ ውኃው ጎድሎ ከተገኘ ጀሪካኑን አያለሁ እንጂ ምንጩ ደረቀ አልልም። እስቲ እዚያው ፓምፑ አፍ ላይ ለካው።»

«ያው ነው እኮ።»

«ያው ከሆነ ምን ቸገረህ?»

ቀበሮ እያመነታ ሰካው። መርፌው እስከ ጥግ ሄደ። እመት አህያ ቱቦውን ገልብጣ ብታየው አራት የጥርስ ቀዳዳ አለበት። ሁለቱም ወደ ጅብ ዞሩ።

«ትናንት መኪናዋ ወፍጮ ቤት ቆማ ሳለ ነው የነከስኩት» አለ ጅብ አንገቱን ደፍቶ። «ሞራ ሞራ ሸተተኝ።»

«ጎማ ሞራ ሞራ ይሸታል?» ብሎ ቀበሮ ከት ብሎ ሳቀ።

ቱቦው ተቀየረ። ፍሬኑ ለሰለሰ፤ ቁልፉ ሲነቀልም ሞተሩ ቀጥ አለ። ቅዳሜ ስድስቱም በጎች በደህና ወረዱ። አገሩ በጅብ ሆዳምነት ሲስቅ ሰነበተ።

በሳምንቱ የቀበሮ የራሱ መኪና፣ ከእመት አህያ መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነችው፣ ፍሬኗ ደንድኖ ከቁልቁለቱ ሥር አጥር ጥሳ ቆመች። ለእርዳታ የመጡት መለኪያውን ፓምፑ አፍ ላይ ሰኩት፤ መርፌው ከግማሽ አላለፈም፤ የደከመው ለካ የእሱ ፓምፕ ኖሯል። ከወንበሩ ሥር ደግሞ የቀለጠ ሞራ የያዘ ቆርቆሮ ከነብሩሹ ተገኘ፤ ጅብ ቱቦው ላይ የሸተተው ሞራ ከየት እንደመጣ ያኔ ታወቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድለታችን ይህ ነው የሚለንን ሁሉ አምነን ከመቀበላችን በፊት መለኪያውን የት ላይ እንደሰካው መጠየቅ እንዳለብን ነው።