ሁሉም በጋሽ ላምቤቦ ስም ይገባ ነበር

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የዞን ትምህርት መምሪያ የፈተና ምዝገባ ሠራተኛ ናት። አየለች እንበላት። ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ገባች፣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የዚያን ዕለት አንድ ሥራ ብቻ ነበረባት፤ የአርባ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ፈተናውን ለሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት መላክ። እነዚህ ልጆች ጥያቄውን የሚያነብላቸው ሰው ካልተመደበላቸው መፈተን አይችሉም። ዝርዝሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ ደግሞ አንባቢ አይመደብም። አርባ አንድ ልጆች አንድ ዓመት ቤታቸው ይቀመጣሉ ማለት ነው።

ዝርዝሩ የት ነው ያለው? በእሷ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ቢሮው ሁሉ በኔትወርክ በሚጋራው ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩን ስትነካው ስምና የይለፍ ቃል ጠየቃት። እንደ ሁልጊዜው ከኪቦርዱ ሥር ያለችውን ብጣሽ ወረቀት አይታ ጻፈች። አልገባም። እንደገና ጻፈች። አልገባም። ሦስተኛ ጊዜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች። መግባት አይቻልም አላት።

ቢሮ የምትሠሩ የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። አንዱ መጥቶ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ሌላዋ አጥፍተሽ አብሪው አለቻት፤ አጥፍታ አበራችው። ሦስተኛው ከበሩ ላይ እንደቆመ ኔትወርክ የለም ብሎ ፈረደና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኛ እኮ ሰበብ ስናገኝ ፈጣኖች ነን።

አየለች ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። የኮምፒውተር ባለሙያውን ተካልኝን አስጠራችው። ተካልኝ ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። ከዋናው ኮምፒውተር ጋር መገናኘቱን ሞከረ፤ ይገናኛል። ከዚያ በማን ስም እንደምትገባ ጠየቃት። ወረቀቷን ሰጠችው። የማን ስም ይመስላችኋል? የእሷ አይደለም። የጋሽ ላምቤቦ ነው።

ጋሽ ላምቤቦ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ኔትወርኩ ሲዘረጋ እሳቸው ቀድመው ገቡበት፤ ደግ ሰው ናቸውና የይለፍ ቃላቸውን ለሁሉም ሰጡ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የየራሱ ስም ወጥቶለት ነበር። ግን የጋሽ ላምቤቦ እያለ ማን ሌላ ቃል ይሸምድድ? አራት ዓመት ሙሉ ስድስት ሰው በአንድ ሰው ስም ሲገባ ኖረ። ባለፈው ዓርብ ጋሽ ላምቤቦ ጡረታ ወጡ። ጋቢ ለብሰው፣ ተመርቀው፣ ተሸኙ። ስማቸውም በዚያው ተዘጋ።

አየለች ደወለችላቸው። እንደምንም ብለው እንዲያስከፍቱላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ የእኔስ ተዘግቷል። አንቺ የራስሽ የለሽም እንዴ?» አሏት።

ወገኖቼ፣ ይቺ ጥያቄ እኔን እንቅልፍ ነሥታኛለች።

የራሷማ አላት። ተካልኝ ፈልጎ አገኘው። ከነአባቷ ስም አራት ዓመት ተቀምጧል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተገባበትም። አዲስ የይለፍ ቃል አወጣችለትና ፎልደሩን ነካችው። አሁንም እምቢ አላት።

ለምን? ኮምፒውተሩ የጋሽ ላምቤቦን ስም በውስጡ አስቀምጦት ነበር። እሷ የራሷን ብትጽፍም እሱ ከሥር የድሮውን ያቀርባል። ተካልኝ የተቀመጠውን ስም እንድትሰርዘው ነገራት። እጇ ቆመ። አስቡት፣ የማይሠራ ስም ነው። ግን አራት ዓመት ያስገባት ስም ነው፤ አሳሳት። ሰረዘችው።

ፎልደሩ ተከፈተ። የልጆቹ ዝርዝር ግን አልታይ አላት። እሱን የማየት ፈቃድ የነበራቸው ጋሽ ላምቤቦ ብቻ ናቸው። ለእሷ እንዲፈቀድ የመምሪያው ኃላፊ መፈረም አለባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ጸሐፊዋ ነገ ተመለሺ አለቻት። አየለች የስብሰባውን በር አንኳኳች። ማንም አልመለሰላትም። ደግማ አንኳኳች። ከዚያ ከፍታ ገባችና ሃያ ሰው ፊት ቆመች። ኃላፊው በማን ትእዛዝ እንደገባች በቁጣ ጠየቋት።

«እኔ አየለች ነኝ፣ የፈተና ምዝገባ ሠራተኛ። የአርባ አንድ ልጆች ጉዳይ በእኔ እጅ ነው። ይፈርሙልኝ» አለች።

ፈረሙላት። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዝርዝሩ ሄደ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስንቶቻችሁ ናችሁ በእናታችሁ ጸሎት የምትኖሩት? እሷ ትጾማለች፣ እናንተ ትበላላችሁ። እሷ ትንበረከካለች፣ እናንተ ትተኛላችሁ። ነገር ሲጠብቅባችሁ ደግሞ ስልክ ታነሣላችሁ፤ ለፓስተሩ፣ ለአክስት፣ ለዚያች ለምትጸልይ ጎረቤት። የእናት ጸሎት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ጋሽ ላምቤቦም ክፉ አልነበሩም። ግን እናት ታልፋለች። ፓስተርም ይዛወራል። ያን ቀን በማን ስም ልትቀርቡ ነው?

እኔ አባቴ እስኪሞት ድረስ በእሱ ጸሎት ነው የኖርኩት። የተቀበረ ዕለት ማታ ልጸልይ ብዬ ተንበረከክሁና የምለው አንድ ቃል አጣሁ። ያን ጊዜ ሰባኪ ነበርኩ፣ ወገኖቼ። አፈርኩ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሞክራችሁ አልሆነላችሁም። አፋችሁን ስትከፍቱ የሚወጣው የሌላ ሰው ጸሎት ነው፤ ቃሉም ድምፁም የእሱ ነው። ስለዚህ ተዋችሁት። አትተዉት። የሌላውን ጸሎት ተዉትና በራሳችሁ ተኮላተፉ። እግዚአብሔር እናንተን በስማችሁ ያውቃችኋል፤ በእናታችሁ በኩል ብቻ አይደለም። እምቢ የተባላችሁ ሲመስላችሁ ደግማችሁ ቅረቡ። ሦስተኛም ቅረቡ።

ሁልጊዜ ስብከቱን ስጨርስ እኔ እጸልያለሁ፣ እናንተ አሜን ትላላችሁ። ዛሬ አልጸልይላችሁም። ማይኩን አስቀምጬ እዚሁ እንበረከካለሁ፤ የምጸልየውም ስለ ራሴ ነው። እናንተም በየቦታችሁ ተንበርከኩ። ጌታ ሆይ፣ እኔ እገሌ ነኝ በሉ፤ ከዚያ ጉዳያችሁን ንገሩት። ቃል ቢጠፋባችሁም አትነሡ። ማንም አሜን እስክል አይጠብቅ።